ከአኖ የመጣው ናሙና

ጸሐይወርቅ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የናሙና ክፍል በጽዳት ሠራተኝነት ስትቀጠር፣ ቡና ቀማሹ አቶ ባይሳ በመጀመሪያው ቀን የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሽቶ ተቀብተሽ እንዳትገቢ፣ ጠረን ያለው ሳሙና እንዳታመጪ፣ ነጭ ጋዝ ደግሞ በዚህ በር እንዳያልፍ አላት። ቡና አጠገቡ ያለውን ጠረን ሁሉ ይስባል፤ አንዴ ከሳበ በኋላ ደግሞ አይለቅም። እሺ አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉም እሺ እንዳለች ኖረች።

አባቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ገበሬ ነበሩ። እሷ የተወለደችው እዚያው ቆላው ውስጥ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ ነቀምቴ ወጥታ ስምንት ዓመት የሆቴል ዕቃ አጠበች፤ ባል አገባች፤ አልሰመረም። የናሙና ክፍሉን ሥራ ስታገኝ እንደ ሹመት ነበር የቆጠረችው። ክፍሉ የጣውላ ወለል ያለው አሮጌ ቤት ነው። መሃሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ነጫጭ ሲኒዎች በመደዳ ይደረደራሉ። ጥግ ላይ ትንሽ የቡና መቁያ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከየወረዳው የመጡ የናሙና ከረጢቶች የሚቀመጡበት መደርደሪያ አለ። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው የሚያድረው።

ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ይመስለኛል፣ አቶ ባይሳ አንድ ቀን ደስ ብሎት ጠራት።

«ጸሐይ፣ ነይ እስቲ ቅመሺ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ።»

«በማንኪያ ጨልፊና ሳብ አድርጊው። ይጩህ፣ ግድ የለም።»

ከሁለት ሲኒ ቀመሰች። «ይኸኛው ጭስ ጭስ ይላል» አለች። «ያኛው ደግሞ ዘይቱን ይላል። በጣም የበሰለ ዘይቱን።»

አቶ ባይሳ ሳቀ፤ ከዚያ መልሶ ራሱ ቀመሰ። «አፍንጫሽስ ደህና ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሲመጣ፣ የእኛ ቤት ጽዳት ሠራተኛ እንኳን ቡና ትለያለች እያለ ይቀልድባት ጀመር። እሷ ቀልዱን እንደ ቀልድ አልወሰደችውም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ጎበዝ ነሽ የተባለችው ያኔ ነው።

ቅምሻው ሲያበቃ የሚተርፈው የተቆላ ቡና በር አጠገብ ካለው ጆንያ ውስጥ ይደፋል። የጊምቢው፣ የአኖው፣ የሌላውም ወረዳ ቡና አንድ ላይ ይደባለቅና ጥበቃዎች ያፈሉታል። ጸሐይወርቅን ይህ አንገበገባት። አንድ ቀን ከመደፋቱ በፊት አንድ እፍኝ ዘገነችና በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት ወሰደች። ውሰጂ ያላት የለም፤ አትውሰጂ ያላትም የለም። ግን ስትወጣ ጥበቃውን ቀና ብላ አላየችውም።

ቤቷ ከገበያው በላይ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ናት። እዚያ ትናንሽ የማርማላታ ጠርሙሶች ደርድራ በየአንዳንዳቸው ላይ ቡናው የመጣበትን ቀበሌ በእስክርቢቶ ጽፋ ለጠፈች። አፈላሉን አቶ ባይሳን እያየች ነው የተማረችው። ቡናውን ከመፈላቱ ጥቂት ቀደም ብላ ነው የምትወቅጠው፤ ቀድሞ የተወቀጠ ቡና ጠረኑ ይበራል። ለአራት ሲኒ በክብሪት ቀፎ ሁለት ሙሉ ትለካለች። ውሃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች፤ በሚንተከተክ ውሃ ከተነካ ይመርራልና። በጣሳ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለው ዱቄት ላይ በቀስታ ታፈስሳለች፣ ትከድናለች፣ አራት ደቂቃ ትጠብቃለች። ከላይ የተኮፈሰውን አንዴ በማንኪያ ሰበር አድርጋ አረፋውን ትገፍፍና በነጭ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ጨርቁን በሳሙና አጥባው አታውቅም፤ በፈላ ውሃ ብቻ ነው የምታነጻው። ጀበናዋ ከቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ጠጣ።

ይህን ቡና የሚያጣጥምላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጎረቤቷ አዴ ድርቤ። አዴ ድርቤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እሑድ እሑድ ከቸርች ሲመለሱ የጸሐይወርቅን በር ሳይረግጡ ወደ ቤታቸው አይገቡም። መጀመሪያ ሰሞን «ጨው የለሽም እንዴ?» ይሉ ነበር። በኋላ ጨውም ስኳርም መጠየቅ ተዉ። ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጠጡት።

«ከየት ነው የምታገኚው ግን?» አሏት አንድ ጊዜ።

«መሥሪያ ቤት ይሰጡናል» አለች ጸሐይወርቅ።

ውሸቷ ቀላል ነበረች። አዴ ድርቤ ግን በዚያች ውሸት ላይ ብዙ ነገር ገነቡባት። የዝማሬ ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ «መሥሪያ ቤቷ አክብሯት የሚሰጣት ነው» ይሏቸዋል። እንዲህ ባሉ ቁጥር ጸሐይወርቅ ሲኒ የምታነሳ መስላ ታጎነብሳለች።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ በድርጅቱ ሌላ ነገር መጣ። የውጭ ገዢዎች ከብዙ ገበሬ ተሰብስቦ የተደባለቀውን ሳይሆን የአንድ ማሳ ቡና ለብቻው እንፈልጋለን አሉ። በከረጢቱ ላይ የገበሬው ስምና የቀበሌው ስም ይጻፋል። ወሬው በየገጠሩ ደረሰ። ብዙው ገበሬ ከንቱ ድካም ነው ብሎ ተወው። ኦቦ ፈየራ ግን አልተዉም።

ኦቦ ፈየራ ከአኖ ወደ ውስጥ ገባ ካለ ቀበሌ የመጡ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። በየካቲት አንድ ሐሙስ ጠዋት በድርጅቱ በር ቆመው «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሏት፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እሷም በኦሮምኛ መለሰችላቸውና ተቀመጡ አለቻቸው። በነጭ አቡጀዲ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት ጉያቸው ውስጥ ነበረች። አፏ በቀይ ክር ተጠልፏል።

«ባለቤቴ ኬኔ ናት የሰፋችው» አሉ። «በጆንያ አይሆንም፣ ንጹሕ ጨርቅ ይሁን ብላ። ቀዩን ብቻ ለቀምን። በሽቦ አልጋ ላይ አስጥተን ሠላሳ ስምንት ቀን እየተቀያየርን ስናገላብጠው ከረምን። ዶሮ አላስጠጋንም።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ስማችሁ ይጻፍበታል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«ካለፈ ይጻፋል አባ።»

አቶ ባይሳ በሌለ ጊዜ እንደለመደችው ተቀብላቸው፣ ስልካቸውን መዝገብ ላይ አስፍራ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ሸኘቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ከረጢቷን ፈታ አሸተተች። ገና ያልተቆላ ቡና እንዲህ ሲሸት አጋጥሟት አያውቅም፤ የማር እንጀራ ከቀፎ ሲወጣ የሚሸተውን ይመስል ነበር። እስከዚያ ቀን የወሰደችው ሁሉ ከቅምሻ የተረፈ ነው። ያን ቀን ግን እጇ ገና ያልተቀመሰ ናሙና ውስጥ ገባ። አንድ እፍኝ ዘግና ከሽርጧ ኪስ ከተተች። ከረጢቷን መልሳ በቀይ ክሯ አሰረችና መደርደሪያው ላይ አኖረቻት።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ አለ። ጠዋት ስትገባ ጉንዳን ከወለሉ ተነስቶ በመደርደሪያው እግር ሽቅብ ሲተም አየች። አቶ ባይሳ አልነበረም። በውሃ ብትጠርግ ጉንዳኑ ዞሮ ይመለሳል። ከጥበቃው ቤት ጠርሙስ ተውሳ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነከረችና የመደርደሪያውን ጣውላ ከላይ እስከ ታች ወለወለችው። መስኮት ከፈተች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አሸተተች፤ ጠፍቷል ብላ አመነች። የላስቲኮቹን ከረጢቶችና ያቺን ብቸኛ የጨርቅ ከረጢት መልሳ ደረደረችና መስኮቱን ዘግታ ወጣች። ነጭ ጋዝ በዚያ በር ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አቶ ባይሳ የኦቦ ፈየራን ናሙና ቆልቶ አምስት ሲኒ ደረደረ። ጸሐይወርቅ ኮሪደሩን እያጸዳች ጆሮዋን ወደ ውስጥ አድርጋለች፤ ምን እንደሚል ለመስማት ቸኩላ ነበር። የማንኪያውን ጩኸት ሰማች፤ ከዚያ ሲተፋ ሰማች። እንደገና ሳበ፤ እንደገና ተፋ።

«ነጭ ጋዝ» አለ ለራሱ።

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

አቶ ባይሳ ከዚያው ከረጢት ሌላ ቆልቶ ደገመው። ያው ነው። «ያሳዝናል» አለ ወደ በሩ ብቅ ብሎ ሲያያት። «ውስጡ ጥሩ ቡና እንዳለ ይታወቃል እኮ። ግን አበላሽተውታል። ኩራዝ አጠገብ አስቀምጠውት ይሆናል።» ወረቀቱ ላይ ባዕድ ጠረን ብሎ ጻፈ፤ ውድቅ ነው አለ።

ያኔውኑ መናገር ትችል ነበር። ቅዳሜ መደርደሪያውን በነጭ ጋዝ ወልውዬ ነበር ማለት ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር። አፏን ከፈተች። ግን ያ ሁሉ እንግዳ ይለያል ሲባል የሰማለት አፍንጫዋ ነው ነጭ ጋዙ ጠፍቷል ብሎ ያለፈው። አፏን መልሳ ዘጋችው። ምናልባት በእርግጥ ከሰውዬው ቤት ይሆናል አለች በልቧ። ገጠር ኩራዝ አይጠፋም።

ከሥራ መልስ ቤቷ ገባችና ያን እፍኝ ቡና አወጣች። ቆላችው፤ መንጣጣቱ ጋብ ሲል አወረደችው፤ ሰፌድ ላይ ዘርግታ በካርቶን እያራገበች አቀዘቀዘችው። ከመወቀጡ በፊት ማሳረፍ ነበረባት፤ አልቻለችም። ወቀጠች፣ ውሃ አፈላች፣ እስከ ሠላሳ ቆጠረች። አቆጣጠሯ ተዛብቶባት ሁለት ጊዜ ከአንድ ጀመረች። አራቱን ደቂቃ ቆማ ጠበቀች። አጠለለችና ቀዝቀዝ እስኪል ትታ ቀመሰች።

ንጹሕ ነበር። መጀመሪያ ማር፣ ቀጥሎ የበሰለ ኮክ፣ ሲውጡት ደግሞ እንደ ሎሚ ልጣጭ ያለ ነገር ከምላስ ጫፍ ላይ ይቀራል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቡና አልቀመሰችም። ሲኒውን አስቀምጣ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ማንም አልነበረም፤ ግን ሸፈነች።

አሁን ነገሩ ከቀን ይልቅ ከበደባት። ቡናው ንጹሕ መሆኑን በእርግጥ የምታውቅ ሰው በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። ከየት አወቅሽ ብትባል የሰረቅሁት ነው ልትል ነው።

ረቡዕ ኦቦ ፈየራ ውጤት ለመስማት መጡ። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል፤ ጺማቸውን ተላጭተዋል። አቶ ባይሳ ሰው አክባሪ ነው፤ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ በቀስታ ነገራቸው።

«ነጭ ጋዝ?» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ቤት እኮ ነጭ ጋዝ የለም። መብራታችን በፀሐይ ነው።»

«ምናልባት የመጡበት መኪና ይሆናል ኦቦ ፈየራ። ወይም ጨርቁ።»

«ጨርቁን ኬኔ ከሱቅ ነው የገዛችው።» ከዚያ በዝግታ፣ እንደሚያስታውስ ሰው፣ «ባለሱቁ ነጭ ጋዝ ይሸጣል» አሉ። «ጨርቁ ነው። በጆንያ ይሁን ብያት ነበር።»

ጸሐይወርቅ ከበሩ ወዲህ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ሽማግሌው ተነስተው ሲወጡ አዩዋትና ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉላት።

«ልጄ፣ አንቺ ደግሞ እስቲ አሽትቺኝ። እኔ እሸታለሁ እንዴ? ምናልባት ከእኔው እጅ ከሆነ ልወቀው።»

እጃቸውን ያዘች። ሻካራ ነው፤ ጥፍራቸው ስር አፈር አለ። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ትንሽ የላም ጠረን፣ ትንሽ የሣር።

«የለም አባ» አለች። «አይሸቱም።»

«እንግዲያው ጨርቁ ነው» አሉና በሩን አልፈው ሄዱ።

እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። ብዙውን ስትነግረኝ ድምፅዋ ደህና ነበር። እዚህ ላይ ስትደርስ ግን ተነስታ የማያስፈልግ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። «እጃቸውን ይዤ ነበር እኮ» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «ልነግራቸው እችል ነበር። እጃቸው እጄ ላይ ነበር።»

እሑድ አዴ ድርቤ እንደ ልማዳቸው መጡ። ጸሐይወርቅ ከዚያው ቡና ላይ ቀንሳ አፈላች፤ ሌላው አልቆባት አይደለም፤ ለምን እንዳፈላችው እሷም አታውቅም። አዴ ድርቤ አንዴ ፉት አሉና ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይኼስ ሌላ ነው። ይኼንንም እነሱ ናቸው የሰጡሽ?»

«አልሰጡኝም» አለች ጸሐይወርቅ። «አንድም ቀን ሰጥተውኝ አያውቁም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሻርፑን፣ የሽርጡን ኪስ፣ መደርደሪያውን፣ ሽማግሌውን። አዴ ድርቤ ሳያቋርጧት አዳመጡ። ሲኒው ግማሽ ነበር። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ» አሉ። «ለመጋቢው ሚስት ሳይቀር።» ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው፣ «ሽማግሌው ስልክ አላቸው?» ብለው ጠየቁ።

«መዝገብ ላይ አለ።»

«እንግዲህ» አሉና ሄዱ። ከዚያ እሑድ ወዲያ መምጣት አቆሙ።

ጸሐይወርቅ እስከዚያው ሳምንት ዓርብ ቆየች። ዓርብ ጠዋት ቤቷ ከቀረው ቡና አንድ ክብሪት ቀፎ የሚሞላ ቀንሳ፣ በወረቀት ጠቅልላ አቶ ባይሳ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው?»

«የኦቦ ፈየራ ቡና ነው። መደርደሪያው ላይ ሳይወጣ የወሰድኩት።»

ቆማ ተናገረች። የነጭ ጋዙን ስትነግረው ፊቱ ቀላ። የእፍኙን ስትነግረው ደግሞ ጥቅሉን ፈታ። ተነስቶ ውሃ ጣደ፤ ፈጭቶ በአንድ ሲኒ አፈላው። ቀመሰ። ለረጅም ጊዜ ማንኪያውን ከአፉ አላወጣም።

«ቅዳሜ ጉንዳን ነበር፣ ወለወልኩት ብትዪኝ ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ሌላ ናሙና ያምጡ ብዬ እደውል ነበር። በቃ። ስለ እፍኝሽ ማንም አይጠይቅሽም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አፈርኩ» አለች።

አቶ ባይሳ ወደ ሲኒው አየ። «እኔም ሌላ ናሙና መጠየቅ ነበረብኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰኞ ዕለት ብዙ ሥራ ነበረብኝ። ባዕድ ጠረን ብሎ መጻፍ ይቀላል።» ከዚያ እጁን ዘረጋ። ለምን እንደዘረጋ ገባትና የክፍሉን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።

አቶ ባይሳ ያኔውኑ ለሽማግሌው ደወለ። ኦቦ ፈየራ ቡናውን ማክሰኞ ዕለት አኖ ገበያ አውጥተው ለነጋዴ ሸጠውታል። ነጋዴው ከሃያ ሰው ቡና ጋር አንድ ክምር ላይ ደፍቶታል፤ ጭነት መኪናው ትናንት ሄዷል። የሠላሳ ስምንት ቀኑ ቡና ከእንግዲህ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ጸሐይወርቅ በሚኒባስ ወደ አኖ ሄደች፤ ከዚያ ባጃጅ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ጠርሙሷ ውስጥ ለሁለት ሲኒ የሚሆን ቡና ቀርቷት ስለነበር ማንቆርቆሪያዋንና ጨርቋን በቦርሳ ይዛለች። ለምን እንደያዘችው መንገድ ላይ ስታስበው ሞኝነት መሰላትና ልትጥለው ፈልጋ ነበር።

አዴ ኬኔ ደጅ ሆነው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። ኦቦ ፈየራ ከጓሮ መጡና ሲያዩዋት ደነገጡ። ቤት ገቡ፤ ወንበር ሰጧት። አልተቀመጠችም። በኦሮምኛ ነው የነገረቻቸው። አንዳንዱን ቃል አጥታ በአማርኛ ጨመረችበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነጭ ጋዙን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ጨርቁ ምንም የለበትም። እጅዎን ሳሸት አውቅ ነበር።

አዴ ኬኔ ወደ እንግዳዋ አላዩም፤ ወደ ባላቸው ነው ያዩት።

«ጨርቁ አልነበረም» አሉ።

ኦቦ ፈየራ አንገታቸውን ደፉ።

«አሥር ቀን» አሉ አዴ ኬኔ፣ አሁንም ለባላቸው። «አሥር ቀን በጨርቄ ስታስለቅሰኝ ቆየህ። ጎረቤት እየመጣ ሲጠይቅ፣ ኬኔ በጨርቅ አበላሸችው አልክ። የቀረውን አቡጀዲ አቃጠልኩት እኮ።»

ጸሐይወርቅ ከዚህ በፊት በእሳቸው ፊት ያፈረችውን ያህል አሁን ደግሞ ስለ እሳቸው አፈረች። የሌላ ሰው ቤት ውስጥ፣ በባልና ሚስት መካከል፣ የእሷ እጅ ያመጣው ነገር ቆሟል። ይሰድቡኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። የሰደባት የለም፤ ይህኛው ከስድቡ ከበዳት።

አዴ ኬኔ በመጨረሻ ዞረው አዩዋትና፣ «ያ ቦርሳ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቡናችሁ ነው። ትንሽ ቀርታኝ ነበር።»

«የእኛ?»

«የእናንተ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያ ቡና አንድም ሲኒ ጠጥተው እንደማያውቁ ያኔ ነው የተረዳችው። ቀዩና ያማረው ሁሉ ለናሙናውና ለሽያጭ ተቀምጦ፣ እነሱ የሚጠጡት የረገፈውንና የተሰበረውን ነው። አዴ ኬኔ እሳት አቀጣጠሉ። ጸሐይወርቅ ተንበርክካ ውሃ ጣደች፤ ወቀጠች፤ አወረደች፤ ቆጠረች። አጥልላ ስትቀዳ ትንሽ ፈሰሰባት፤ ከዚያች ከሁለት ሲኒ ቡና ላይ መፍሰሱ ዓይኗን በእንባ ሞላው።

ኦቦ ፈየራ ቀመሱ። ሲኒውን ጥቂት ጊዜ ይዘው ቆዩና እንደገና ቀመሱ። «ማር አለበት» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

አዴ ኬኔ ሦስት ጊዜ ፉት አሉ። «ቀጠነ» አሉ በቁም ነገር። «ደህና ነው። ግን ቀጠነ። ትንሽ ጨው ይፈልጋል።» ተነስተው ጨው አመጡና ጨመሩበት፤ አማሰሉ፤ ጠጡ። «አሁን ሆነ።»

ጸሐይወርቅ ልትስቅ ዳዳት፤ መሳቅ የሚገባት መስሎ ስላልታያት ዋጠችው።

ሥራዋን አላጣችም። አቶ ባይሳ ለአለቆቹ የነገረው የነጭ ጋዙን ብቻ ነው። የእፍኙን ለምን እንደተወው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። አሁን የምታጸዳው በረንዳውንና ቢሮዎቹን ነው፤ የናሙና ክፍሉን ሌላ ሴት ያዘችው። አዴ ድርቤ ከሁለት ወር በኋላ አንድ እሑድ በሩን አንኳኩ። ከገበያ ራሳቸው የገዙትን ቡና ይዘው ነበር፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ የተደባለቀ። «ይኼን አፍይልን» አሉ። አፈላች። ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ ሁለቱም አወቁት፤ ጠጡት።

በሚቀጥለው ዓመት ቡና በተለቀመበት ወር አቶ ባይሳ ወደ ኦቦ ፈየራ ሁለት ጊዜ ደወለ። ሽማግሌው ጤና ይስጥልኝ፣ ዕድሜዬ ሄዷል፣ ያን ያህል ቀን ማገላበጥ አልችልም ብለው እንደማንም ሰው በጆንያ ሸጡ።

በዚያው ሰሞን አዴ ኬኔ ለጉልበታቸው ሕክምና ነቀምቴ መጡ። ጸሐይወርቅ ካርድ አውጥታ፣ ወረፋ ይዛ፣ ከሐኪም ሲወጡ ቤቷ ወሰደቻቸው። ምሳ በሉ። ከዚያ ሻይ አቀረበችላቸው።

አዴ ኬኔ ሻዩን አዩት። «ቡና የለሽም እንዴ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

ጸሐይወርቅ ተነስታ ከገበያ የገዛችውን ቡና ወቀጠች። አዴ ኬኔ እግራቸውን ዘርግተው ስለ ሐኪሙ፣ ስለታዘዘላቸው ቅባት፣ ስለ ባጃጁ መንገድ አወሩ። ሁለት ሲኒ ጠጥተው፣ ሦስተኛው ሲቀዳላቸው፣ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ፈየራ ዘንድሮ እምቢ አለ» አሉ። «አልጋው ጓሮ ቆሟል። በቆሎ እናሰጣበታለን።»

ጸሐይወርቅ ሲኒውን አቀበለቻቸው። ቀና ብላ አላየቻቸውም።